የዓባይን ልጅ ውሃ እንዳይጠማው
ስለ መብራት፣ ስለ ምድጃና ስለ ቆጣሪ ለከተማ መራጮች የቀረበ



የምርጫ ሰሞን በመጣ ቁጥር የሜጋዋት ቁጥር እንደ ዝናብ ይወርዳል። ገዢው ፓርቲ በየመድረኩ ቆሞ ይህን ያህል አመነጨን፣ ይህን ያህል ደግሞ እየገነባን ነው ይላል። እኛ ቁጥሩ ውሸት ነው አንልም። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል የት ገባ? ዳቦ ጋጋሪው ሊጡ ኮምጦ ሲደፋ፣ የብየዳ ባለሙያው የተቀበለውን ሥራ ሳያደርስ ሲቀር፣ ፀጉር ቤቱ ደንበኛውን ግማሽ ተላጭቶ ሲያስቀምጥ፣ እናት ምጣድ ጥዳ ሁለት እንጀራ እንዳወጣች መብራቱ ድርግም ሲል፣ ሜጋዋቱ ለእነዚህ ሰዎች ምን አደረገላቸው?

አባቶቻችን “የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” ያሉት የዛሬውን የከተማ ኑሮ አይተው ይመስላል። ስለሆነም ፓርቲያችን የኤሌክትሪክን ጉዳይ በጭብጨባ ሳይሆን በሒሳብ እንድትመረምሩት ይህን ጽሑፍ አቅርቧል። መለኪያዎቻችን ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ከመነጨው ኃይል ስንቱ ቤታችን ይደርሳል? ሁለተኛ፣ ለሚደርሰውም ሆነ ለማይደርሰው ስንት እንከፍላለን? ሦስተኛ፣ ወንዙ፣ ደኑና አፈሩ ይህን አያያዝ እስከ መቼ ይችሉታል?

፩. ግድቡ የሕዝብ ነው፤ ጥያቄውም የሕዝብ ነው

እንደሚታወቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር። የተመረቀው ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከ14 ዓመት በላይ አለፈ። በእነዚህ ዓመታት የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፣ ነጋዴው ቦንድ ገዛ፣ ሊስትሮውና የጉሊት ነጋዴዋ ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው አዋጡ፣ በውጭ ያለው ወገንም ላከ። ይህ የሕዝብ ሥራ ነው። የማንም ፓርቲ የምርጫ ምልክት አይደለም።

በዚያው ልክ ሕዝቡ የጠየቀው ነገር ሁሉ ሲታፈን መኖሩን አንረሳም። ግድቡ ሲጀመር 5,250 ሜጋዋት ተባለ፤ ቆይቶ 6,000፣ ከዚያም 6,450 ተባለ፤ በመጨረሻ 5,150 ሆነ። ቁጥሩ ለምን ወጣ፣ ለምንስ ወረደ ብሎ የጠየቀ ባለሙያ የልማት ጠላት ተባለ። የብረታ ብረትና የተርባይን ሥራው ለወታደራዊው ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ዓመታት ከባከኑ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ውሉ ተነጠቀ። ቀደም ብሎ የሚጠይቅ ምክር ቤት ቢኖር ኖሮ እነዚያ ዓመታት ባልጠፉ ነበር።

የግልገል ጊቤ ሁለትም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ያለ ግልጽ ጨረታ በተሰጠ ውል ተገንብቶ በጥር 2002 ዓ.ም. በታላቅ ድግስ ተመረቀ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው 26 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የውሃ ዋሻው በአንድ በኩል ተደርምሶ ጣቢያው ለወራት ቆመ። ያ ድግስ የተደገሰው ለሥራው ነበር ወይስ ለካሜራው?

፪. ሜጋዋት ሌላ፣ የሚበራ አምፖል ሌላ

ካድሬዎች ከማይነግሩን ነገሮች አንዱ የሜጋዋት ትርጉም ነው። ሜጋዋት ጣቢያው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በአንድ ቅጽበት ሊሰጥ የሚችለው አቅም ነው። የምንከፍልበትና የምንጠቀምበት ግን ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይኸውም ኃይሉ ለምን ያህል ሰዓት እንደ ሠራ የሚለካበት ነው። የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት ያለማቋረጥ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ ወደ 45,000 ጊጋዋት ሰዓት ይሰጥ ነበር። የሚጠበቅበት የዓመት ምርት ግን 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የዚያ አንድ ሦስተኛ ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የወንዝ ውሃ ክረምትና በጋ ስላለው ነው። ጉድለቱ ትልቁን ቁጥር ብቻ ነግሮ ትንሹን መደበቅ ነው።

ይህም 15,700 ቢሆን ከግድቡ በር እስከ ቤታችን በር ብዙ መንገድ አለው። ከፍተኛ የማስተላለፊያ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ መካከለኛ መስመር፣ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ በመጨረሻም ቆጣሪ። በየቦታው ይንጠባጠባል። በአገራችን መረብ በመንገድ የሚቀረውና ሳይከፈልበት የሚጠፋው ኃይል ከመነጨው አንድ አምስተኛ ገደማ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። ከፊሉ ያረጀ ሽቦና ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ሙቀት አድርጎ የሚያባክነው ነው። ከፊሉ በሕገወጥ ቅጥያ የሚወሰድና በቆጣሪ ሳይነበብ የሚቀር ነው።

እስቲ ሒሳቡን በእንጀራ እንሥራው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤተሰብ በዓመት 728 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የሕዳሴው ግድብ የዓመት ምርት አንድ አምስተኛ ከ3,000 ጊጋዋት ሰዓት ይበልጣል። ይህም ከ4 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቤተሰቦች የዓመት እንጀራ መጋገሪያ ይበቃል። ብክነትን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ ግማሹን ማዳን ግን ይቻላል። ግማሹ ቢድን ከ2 ሚሊዮን በላይ ምጣድ ያለ አንድ አዲስ ግድብ ይሞቃል።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቀየር ሪባን አይቆረጥም። የበሰበሰ ምሰሶ ሲነቀል ቴሌቪዥን አይመጣም። ከኢሕአዴግ እስከ ብልጽግና ያሉት መንግሥታት ገንዘባቸውን በሚታየው ላይ አፍስሰው የማይታየውን ረስተዋል። በቀዳዳ እንስራ ውሃ የሚቀዳ ሰው ምንጩን ቢያሰፋ ምን ይጠቅመዋል?

፫. ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሕዝብ

በ2006 ዓ.ም. የድሮው መብራት ኃይል ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ያመነጫል፣ ሌላው ያከፋፍላል። ለተጠቃሚው የተረፈው ግን አንዱ በሌላው ማሳበቡ ነው። ስልክ ብንደውል “ከላይ ነው የጠፋው” እንባላለን። ከላይ ብንጠይቅ “ኃይል አላነሰም፣ ማከፋፈያው ነው” ይሉናል።

በዚህ መካከል ክፍያው አላቆመም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት የሚቀጥል የታሪፍ ጭማሪ ተደረገ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ መጣ። ለግንባታ የተበደርነው ብድር በዶላር ስለሆነ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዕዳው በብር ሲታይ አበጠ። ያበጠው ዕዳ ወደ ቆጣሪያችን ወረደ።

ፓርቲያችን ታሪፍ ለዘላለም በአንድ ቦታ ይቁም ብሎ አያታልልም። ኃይል ወጪ አለው፤ ወጪውን የማይመልስ ድርጅት ምሰሶም መቀየር አይችልም። የምንቃወመው ጭማሪው የአገልግሎት መሻሻል ሳይጠየቅበት መምጣቱን ነው። የጤፍ ነጋዴ ኩንታሉን አጉድሎ ዋጋ ቢጨምር ምን ይባላል?

ይህ ብቻም አይደለም። ከተማው ለጠፋው መብራት ሌላ ክፍያ ይከፍላል። የዓለም ባንክ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ባስጠናው የቤተሰብ ጥናት ከዋናው መረብ ጋር ከተያያዙት ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሳምንት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ መብራት ይቋረጥባቸው እንደነበር ታይቷል። መብራት ሲጠፋ ሱቁ ጄኔሬተር ያስነሳል። አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር የሚያወጣው ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቤንዚን ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ጄኔሬተር ያለው ነጋዴ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ቢያንስ በ33 ብር፣ ብዙ ጊዜም እስከ 50 ብር ይገዛል፤ ይህም ለጥገናና ለዘይት የሚወጣውን ሳይጨምር ነው። ሒሳቡን ከመብራት ደረሰኛችሁ ጋር አስተያዩት። የዳቦው፣ የፎቶ ኮፒው፣ የእህል ማስፈጫው ዋጋ ለምን እንደ ናረ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ጄኔሬተር መግዛት የማይችለው ደግሞ ወደ ከሰልና ማገዶ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሦስተኛው መለኪያችን ይመጣል።

፬. ከከሰሉ ጆንያ እስከ ግድቡ ደለል

በባህላዊው የከሰል ጉድጓድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ በላዩ ጢስ ሆኖ ጫካው ውስጥ ይቀራል። ለእንጀራ በሦስት ጉልቻ የሚነደው ማገዶም ከኃይሉ ምጣዱ ላይ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንድ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የቀረው ጓዳውንና የእናቶችን ሳንባ ያሞቃል። አንድ ሰው ጆንያ ከሰል ተሸክሞ ሲገባ ብታዩ፣ ከኋላው በዓይን የማይታይ ብዙ ጭነት እንጨት እንዳለ አስቡ።

ያ እንጨት ከየት ይመጣል? ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ከተሞች ለብዙ ዓመታት የመጣው ከስምጥ ሸለቆ የግራር ደን ነው። በአቢያታ ሻላ አካባቢ የነበረው ግራር ምን ያህል እንደ ተመነጠረ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። የተራቆተው መሬት ክረምት ሲመጣ አፈሩን ለጎርፍ ይሰጣል፤ ጎርፉም ወንዝ ይዞ ግድብ ውስጥ ይተኛል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ሐይቁ በደለል መሞላቱ ለዓመታት የባለሙያዎች ሥጋት ሆኖ ቆይቷል። በ1924 ዓ.ም. የተሠራው የአባ ሳሙኤል ጣቢያም በደለልና በእምቦጭ ከተጎዱት አንዱ ነው።

ክቡራን መራጮች፣ ክቡን አስተውሉት። መብራት ይጠፋል፤ ከተማው ከሰል ያነዳል። ከሰል ሲነድ ተራራው ይራቆታል፤ አፈሩ ግድቡን ይሞላል። ግድቡ ሲሞላ ውሃ የሚይዝበት ቦታ ይጠበዋል፤ በበጋም መብራት ይጠፋል። የሰፈሩን ትራንስፎርመር የረሳ መንግሥት ሳያውቀው የራሱን ግድብ ይሞላል። ለዚህም ነው ብቃት፣ ዋጋና የአካባቢ ጥበቃ ሦስት ልዩ ልዩ ጉዳዮች አይደሉም የምንለው።

መውጫ የለም ማለት ግን አይደለም። በአዊ ዞን ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳቸው ተክለው፣ በጥቂት ዓመታት ቆርጠው ከሰል አክስለው እየሸጡ፣ እንደገና ይተክላሉ። የተፈጥሮ ደን ሳይነካ ገቢም ማገዶም ተገኘ። ‘ምርጥ’ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ‘ላቀች’ የከሰል ምድጃም ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። ሁለቱም በአገራችን ባለሙያዎች የተሠሩና ከ30 ዓመት በፊት ጀምሮ የሚታወቁ ናቸው። እስካሁን በየቤቱ ያልገቡት ሪባን ስለማይቆረጥላቸው ነው።

፭. በአንድ እግር የቆመ መረብ

ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ውሃ ንጹሕና ርካሽ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን በአንድ እግር የቆመ ሰው በመጀመሪያው ነፋስ ይወድቃል። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ሲያጥር ከተሞች በፈረቃ ጨለሙ። በ2001 ዓ.ም. ፈረቃው ተመለሰ። 1,870 ሜጋዋት የተባለለት ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የዚሁ ግድብ ውሃ ቀነሰ ተብሎ አገሪቱ እንደገና በፈረቃ ገባች። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ያርሱ የነበሩ ወገኖች ደግሞ የጎርፉን እርሻ አጥተዋል። እነሱ ያጡት በማንም ደረሰኝ ላይ አልተጻፈም።

ነፋስ በአገራችን በበጋ ይበረታል፤ ውሃ በሚያንስበት ወቅት ማለት ነው። በአዳማ በ2004 ዓ.ም. የተተከለው 51 ሜጋዋትና በ2007 ዓ.ም. የተጨመረው 153 ሜጋዋት ይህ እንደሚቻል አሳይተዋል። የስምጥ ሸለቆ እንፋሎት ደግሞ ክረምት ከበጋ አይመርጥም። ሆኖም በአሉቶ ላንጋኖ በ1991 ዓ.ም. ገደማ የተተከለው 7.3 ሜጋዋት ጣቢያ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ተበላሽቶ ነው። ጀምሮ መተው የአገዛዙ ልማድ ሆኗል።

፮. “ኃይል አላነሰንም” ለሚሉን

ገዢው ፓርቲ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚመልስ እናውቃለን። “ለጎረቤት አገር እየሸጥን ነው፣ ኃይል አላነሰንም” ይለናል። እውነት ነው፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለጅቡቲ፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ሸጠናል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ቢትኮይን ለሚፈጥሩ ኩባንያዎች በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋዋት በዶላር ተሸጧል። የውጭ ምንዛሪ ለአገር ያስፈልጋል፤ ሽያጩን በጭፍን አንቃወምም።

ነገር ግን ይህ መልስ ራሱን ይከስሳል። ኃይል ካላነሰ ለምን እንጨልማለን? ለኮምፒውተር መጋዘን መስመር ከተዘረጋ ለዳቦ ቤቱ ለምን አይዘረጋም? በኅዳር 2010 ዓ.ም. በታወጀው ብሔራዊ ፕሮግራም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ኤሌክትሪክ ለሁሉም ይዳረሳል ተብሎ ነበር። ቀኑ አለፈ፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ ዛሬም በኩራዝና በባትሪ ያመሻል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ምጣድ ማስነሳት ባቃተው ትራንስፎርመር መኪና እንድንሞላ ታዘዝን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

፯. ፓርቲያችን ቢመረጥ

ከላይ ያልነውን ሁሉ ወደ ሥራ የምንለውጠው በሚከተለው መንገድ ነው።

1. ኃይል የሚለካው በቆጣሪ በር ይሆናል። በየከተማው፣ በየመስመሩ በወር ስንት ሰዓት መብራት እንደ ጠፋ ተመዝግቦ በየወሩ በአደባባይ ይለጠፋል።

2. ለማመንጫ በጀት በተያዘ ቁጥር ለማስተላለፊያና ለማከፋፈያ የሚበቃ በጀት አብሮ ካልተያዘ ምክር ቤቱ አያጸድቅም። አንዱ ድርጅት በሌላው የሚያሳብብበት በር ይዘጋል።

3. በአምስት ዓመት ውስጥ የኃይል ብክነትን በግማሽ መቀነስ ግዴታ ይሆናል። ሥራው የሚጀመረው ከአቅም በላይ ከተጫኑት ትራንስፎርመሮች፣ ከበሰበሱት ምሰሶዎችና ከተበላሹት ቆጣሪዎች ነው።

4. የታሪፍ ጭማሪ ከአገልግሎት ጋር ይታሰራል። የመቋረጫው ሰዓት ካልቀነሰ ጭማሪ የለም። የዝቅተኛ ተጠቃሚዎች የመጀመሪያ እርከን ይጠበቃል፤ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ የግቢ ተከራዮች እንደ ባለጸጋ እንዳይቆጠሩ የራሳቸው ቆጣሪ ያገኛሉ።

5. ሙቀት የማያባክን ምጣድ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ‘ምርጥ’ እና ‘ላቀች’ በአገር ውስጥ በስፋት እንዲመረቱ ለአነስተኛ አምራቾች ብድር ይመቻቻል፤ ቤተሰቦችም በቁጠባና ብድር ማኅበራት በኩል በክፍያ ያገኛሉ።

6. ከውጭ ሽያጭ ከሚገኘው ገቢ የተወሰነ ድርሻ ግድቦቹን ለሚመግቡት ተፋሰሶች ለእርከን ሥራና ለችግኝ፣ በግድቡ ምክንያት እርሻቸውን ላጡም ለካሳ ይውላል። ከሰል ከተተከለ ዛፍ እንጂ ከተፈጥሮ ደን እንዳይመጣ በገበያው ይለያል።

7. ከእንግዲህ የሚጨመረው ማመንጫ ነፋስን፣ ፀሐይንና እንፋሎትን ያስቀድማል፤ ሁሉም በግልጽ ጨረታ ይሆናል፤ ውሉና የብድሩ ወለድ ለሕዝብ ይታተማል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ተአምር አንሰብክም። ትራንስፎርመር በአንድ ሌሊት አይቀየርም፤ የተራቆተ ተራራም በአንድ ክረምት አይለብስም። ነገር ግን ቀዳዳውን ማን እንደሚደፍን ትመርጣላችሁ። ወደ ድምፅ መስጫው ስትሄዱ የሜጋዋቱን ቁጥር አትቁጠሩ። በጓዳችሁ ያለውን የሻማ ቁራጭ፣ የከሰሉን ጆንያና የመብራት ደረሰኙን ቁጠሩ። ግድቡን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ብርሃኑንም የመጠየቅ መብት የእናንተ ነው።

የሕዝብ ግድብ፣ ለሕዝብ ምጣድ!
በቅድሚያ መረቡ ይጠገን!
ድምፅዎ ብርሃንዎ ነው፤ ይጠቀሙበት!